ለአባቴ ያቆየሁት መርዶ

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ጎረቤትና የንስሐ አባት ደጅ ላይ ይሰበሰቡና ሰውየው ገና ከመኝታው ሳይወርድ ይነገረዋል። በስልክ መርዶ የሚነግር ሰው እኛ ዘንድ እንደ ሰው አይቆጠርም። ይህን የማወራው ለራሴ ጥብቅና ልቆም ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም እውነት ነው።

ሟቹ የአባቴ ወዳጅ ነበር፤ ጎንደር አዲስ ዓለም የሚኖር ሙስሊም ሸማኔ። በገበያ ቀን ጋቢ ሊሸጥ አምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ የሚያርፈው እኛ ቤት ነው። እናቴ ለእሱ ብቻ የምታስቀምጠው ድስትና ቢላዋ ነበራት። ዶሮውን ቢስሚላህ ብሎ ራሱ ያርዳል፣ ራሱ ይሠራል፤ እኛ ልጆቹ የእስላም ሥጋ ስለማንበላ ዳር ቆመን ምራቃችንን እንውጣለን። እናቴ የሞተች ለት ቃሬዛዋን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሸከመ። «እንቀበልህ» ቢሉት ሞቼ እገኛለሁ አለ። አባቴም ያን ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ «የአንተን ደግሞ እኔ ነኝ የምሸከመው» አለው። ኋላ ኋላ መቀለጃቸው ሆነ። «ምነው እንዲህ ወፈርክ፣ ወገቤን ልትቆርጠው ነው?» ይለው ነበር አባቴ።

የሟቹ ልጅ የደወለልኝ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቢሮዬ መግባቴ ነበር፤ ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። «አባባ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አረፈ። ቀብሩ ቀትር ላይ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። አያን ይዘሽልን ነይ» አለኝ፤ አያ የሚለው አባቴን ነው።

«እሺ» አልኩት።

እሺ! አምባ ጊዮርጊስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሄጄ፣ ይዤው ተመልሼ፣ ጊዜ ይተርፈኝ ነበር። ግን አባቴ ደም ግፊት አለበት፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ማን ይነግረዋል? ሚኒባስ ውስጥ በፍተሻ መሀል ነው ደረቱን የሚመታው? ነገ ጠዋት እንደ ወጉ ይነገረው ብዬ ቆረጥኩ። ቀብሩ ቢያልፈውም እሱ ይትረፍልኝ አልኩ። ማን ዳኛ እንዳደረገኝ እንጃ።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ስሳፈር ስልኬን አጠፋሁት። አባቴ ደጅ ተቀምጦ አገኘሁት። «ምነው በሥራ ቀን?» ሲለኝ «ናፍቀኸኝ ነዋ» አልኩት። ደስ አለው። ሽሮ ሠርቼለት «ሸጋ አድርገሽ ሠርተሽዋል» እያለ ጥርግ አድርጎ በላ። እኔ አንዷን ጉርሻ እንኳ መዋጥ አቃተኝ።

ጎህ ሲቀድ፣ ማታ በስውር የነገርኳቸው ጎረቤቶቹና ቄሱ መጥተው ነገሩት። አለቀሰ፤ ደረቱን መታ። ከዚያ ድንገት ተነስቶ ጋቢውን ለበሰ። «ተነሺ፣ ሳይቀብሩት እንድረስ።»

«አባዬ፣ ትናንት ተቀብሯል።»

«መቼ ሰማሽ?»

«ማታ ነው የሰማሁት። ኔትወርክ አልነበረም።» ወዲያው አመነኝ። ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ይቺ ውሸት ማንንም ታሳምናለች።

አዲስ ዓለም ስንደርስ ለቅሶ ቤቱን ትቶ «መጀመሪያ መስጊዱን፤ አስከሬኑ የወጣው ከዚያ ነው» አለኝ። መስጊዱ አሮጌ ነው። ዕድሜውን ብትጠይቁ ሽማግሌዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይነግሯችኋል። ከታች የጥንቱ ድንጋይና ኖራ ነው፣ ከላይ አዲስ ቆርቆሮ። ለጥምቀት ወደ ቀሐ ወንዝ ስወርድ ስንቴ በአጠገቡ አልፌያለሁ! አንድ ቀን ቆም ብዬ አይቼው አላውቅም። አባቴ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። «ስንት ዓርብ እዚህ ቆሜ ጠብቄዋለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም» አለ። እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልኩት። ግቢው ጭር ብሏል፤ ድንጋዩ እግሬን አቀዘቀዘኝ።

የሟቹ ልጅ መምጣታችንን ሰምቶ ከለቅሶ ቤቱ መጣ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አባቴ «እግዜር ያጽናህ። ሲሰገድለት የት ነበር ያሳረፋችሁት?» አለው። ልጁ በግድግዳው ሥር ያለ ንጣፍ ድንጋይ አሳየው። ምነው ዝም ባለ አልኩ።

«ጠበቅንዎ እኮ አያ» አለ። «እሷ እሺ ስትለኝ መንገድ ላይ ናችሁ ብዬ ከዙሁር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚህ አቆየነው። ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ሽማግሌዎቹ ‹ጀናዛ አይቆይም፣ አታንገላታው› ብለው ተቆጡኝ። ‹አባባ የቃሬዛውን የፊት ቀኝ ለአያ ተዉለት ብሏል› ብዬ ለመንኳቸው። መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ገባበት።»

«መቼ ነው የደወልክላት?»

«ጠዋት። ሁለት ሰዓት ላይ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አባዬ፣ ደም ግፊትህን ፈርቼ ነው፣ እንደ ወጉ እንዲነገርህ ብዬ...» አልኩት። ቢሰድበኝ፣ በዱላው ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ዞር ብሎም አላየኝ። ጎንበስ ብሎ ንጣፉን በመዳፉ ዳበሰውና ቀና አለ።

«እኔ የሞትኩ ለት» አለው ልጁን፣ «መጀመሪያ ለአንተ ይደወልልህ። መጥተህ ትሸከመኛለህ። ለእሷ በማግስቱ ጠዋት ይነገራታል፤ እንደ ወጉ።»

ልጁ «ኧረ አያ!» ብሎ ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎት። አባቴ አልሳቀም። አምባ ጊዮርጊስ እንደተመለስን ያንኑ ቃል ለጎረቤቶቹም ለቄሱም ደገመው፤ እነሱም እሺ ብለውታል።

አባቴ ዛሬም በሕይወት አለ። ጠዋት ጠዋት እደውልለታለሁ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሳይነሳ ሲቀር፣ ትናንት ቀብረውት ይሆን እላለሁ።