አጎቴ ያረሱት የጉማራ ዳር መንገድ

አጎቴ አያ ፈንቴ የጉማራን ወንዝ ዳር መንገድ አርሰው ከትምህርት ቤት አስቀሩኝ። ነገር ማለባበስ አልወድም። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ እናቴና እኔ በእሳቸው ደጅ ነበርን። እሳቸው ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበሩና ልክሰስ ብል እንኳ የምከሳቸው ለራሳቸው ነበር። ፊደል አጥርቼ የለየሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስሁ በኋላ ነው። ዛሬም አንቱ የምላቸው አፌ ስለለመደ እንጂ ልቤ ፈቅዶ አይደለም።

ቢሆንም ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማማት ብቻ አይደለም። ያ መንገድ ሊረሳ የማይገባው መንገድ ነበር። በመንገዱ ላይ ብስክሌት ይነዳ የነበረው ሰው ደግሞ ከመንገዱም ይበልጣል።

ልጅ እያለሁ ጋሽ ሙላት የሚባል የወባ ሠራተኛ ጎጣችን ውስጥ ቤት ተሰጥቶት ይኖር ነበር። የደብረ ታቦር ተወላጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። ገና ሲመጣ «አንተ በለኝ፣ አንቱ ያስረጀኛል» ብሎኝ ስለነበር ጋሼ እያልሁም አንተ እለው ነበር። በየማለዳው ለሥራው ወደ ሐሙሲት ከተማ ይወርዳል። ትምህርት ቤቱም ሐሙሲት ነበር። በእግሬ ስሄድ የምደርሰው ሌሎቹ ልጆች ለዕረፍት ሲወጡ መሆኑን ሰምቶ እናቴን አስፈቀደና ከብስክሌቱ ኋላ ያስቀምጠኝ ጀመር። ማታም ይዞኝ ይመለሳል።

መንገዱ ከቤታችን ደጅ ተነሥቶ ቁልቁል ይወርድና ከጉማራ ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ አይለያዩም። ወንዙ ሲታጠፍ ይታጠፋል፣ ወንዙ ሲሰንፍ እሱም ይሰንፋል። መስከረም ሲያልቅ በግራ በኩል ኑጉ ቢጫ ለብሶ እስከ ኮረብታው ሥር ይተኛል፤ በቀኝ በኩል ውሃው ነው፣ ገና የክረምቱ ድፍርስ ያልለቀቀው። ከዋንዛው ጥላ ስንገባ ፊቴ ይቀዘቅዛል፣ ስንወጣ ይሞቀኛል። እኔ ጉንጬን ጀርባው ላይ አድርጌ የማሸተው ሦስት ነገር ነበር፤ ርጥብ ሣር፣ የካቴናው ግራሶና ከሸሚዙ ላይ ቢታጠብም የማይለቀው የወባ መድኃኒት። እስከ ዛሬ ከእነዚህ አንዱ ከሸተተኝ ሌሎቹ አብረው ይመጣሉ። ትምህርት ቤት ስደርስ ቂጤ ደንዝዞ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ያቅተኛል። ልጆቹ ቸርኬ በእንጨት እየገፉ ሲሮጡ እኔ በእውነተኛው ጎማ ላይ የመጣሁ ነኝና ትንሽ ጉራ ነበረብኝ።

መንገዱ ቶሎ አያልቅም ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ርቀቱ አልነበረም። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ጤና ጠይቆ ነው የሚያልፈው። ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍም ይወርዳል። ብስክሌት ሲመጣ ታዲያ ይህ ደንብ ይመለከተዋል ወይስ አይመለከተውም የሚል ሙግት ተነሣ። ከብት አይደለም፣ አይበላም አይጠጣም ያሉ ነበሩ። ቄሱ ግን «እናንተ ቆማችሁ እሱ ከተቀመጠ ግልቢያ ነው» ብለው ፈረዱ። ጋሽ ሙላት ፍርዱን ያለ ቅሬታ ተቀበለ። ዳገት ላይም ይሁን ጭቃ ላይ፣ ሽማግሌ ካየ ይወርዳል። ብስክሌቱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ጎንበስ ይላል፤ ልጁን፣ ላሚቱን፣ የወገብ ሕመሙን ሁሉ ይጠይቃል። አንዳንዱ ሆን ብሎ ከእርሻው ወጥቶ መንገድ ላይ ይቆምለት ነበር፣ እንዲወረድለት ወዶ። «ለብረትህ ገብስ እንስጣት?» እያሉ ይቀልዱበታል። «ጠግባ ነው ያደረችው» ይላል እሱም። የተማረ ሰው፣ ደመወዝተኛ፣ ከተማ ያየ ሰው እንዲህ ለገበሬ ሲወርድ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ ከመኪናው መስታወቱን እንኳ አያወርድም።

ነገሩ የተበላሸው በዚያው በመስከረም ማብቂያ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ቁልቁለቱ እንደ ሳሙና ሆኗል። ከቤታችን ተነሥተን መውረድ እንደጀመርን የፍሬኑ ገመድ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ጋሽ ሙላት እግሩን መሬት ላይ ቢጎትት ጭቃው አልያዝ አለው። ከታች ደግሞ አያ ፈንቴ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው እየወጡ ነው፤ አብረዋቸው ለልጃቸው ጋብቻ የመጡ ትልልቅ እንግዶች አሉ። እንደ ወጉ መሐል መንገድ ላይ ቆመው እስኪወርድላቸው ጠበቁ። እሱ ጮሆ ገመዱ መበጠሱን ተናገረ፣ አንገቱንም ዝቅ አደረገ፤ ግን አልወረደም። አያ ፈንቴ ለጥቂት ዘለው ዳኑ። ጋቢያቸው ጭቃ በጭቃ ሆነ። እኛ ከወንዙ አፋፍ ጥቂት ሲቀረን ወደ ጨፌው ታጥፈን ሣሩ ላይ ወደቅን።

ጋሽ ሙላት እኔን አገላብጦ ካየ በኋላ በእግሩ ሽቅብ ተመለሰ። እኔም ተከተልሁት። ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ሁሉን አስረዳቸው፤ የተበጠሰውን ገመድ አሳያቸው። አያ ፈንቴ ገመዱን ያዩ አልመሰለኝም። እንግዶቻቸውን ነበር የሚያዩት።

«በቅሎ ስትደነብር እንኳ ጨዋ ሰው ዘሎ ይወርዳል። ምነው አንተ አልዘለልህ?» አሉት።

«ልጁ ከኋላዬ ነበር፣ አያ» አላቸው።

እሳቸው ጋቢያቸውን ጠቅልለው፣ እንግዶቻቸውን ይዘው ወደ ላይ ወጡ። ሰኞ ማለዳ ግን በሬ ጠምደው መንገዱን ከቁልቁለቱ እስከ ዋንዛው አረሱት፤ ሽንብራ ዘሩበት፣ ዳርና ዳሩን በእሾህ አጠሩት። ጋሽ ሙላት ለጥቂት ቀናት ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ እኔን በእጁ ይዞ፣ በወንዙ ድንጋይ ላይ እየረገጠ አወጣኝ። ያን ጊዜም እንኳ አያ ፈንቴን ካየ ቆሞ እጅ ይነሣ ነበር። ብስክሌት ተሸክሞ እጅ መንሣት ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። በኋላ «ዘሬን ረገጠ» ተብሎ ተከሰሰና ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሩት። እኔን አጎቴ ጠርተው፣ መንገድ ከሌለ ትምህርት የለም፣ ከብቱን ጠብቅ አሉኝ። እናቴ አለቀሰች እንጂ ምን ልትል ትችላለች።

አድጌ ባሕር ዳር ወረድሁ፤ ተሸከምሁ፣ ዘበኛ ሆንሁ። ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ሀሁ ብዬ ማንበብ ቻልሁ። አሮጌ ብስክሌትም ገዛሁ። አገሬ ስመለስ የጎጡ ልጆች አሁንም ኮረብታውን ዞረው ወደ ሐሙሲት ሲወርዱ አየሁና ደሜ ፈላ። ሽማግሌ አስቀመጥሁ። አያ ፈንቴ ዓይናቸው ደክሞ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ቃላቸው ግን አልደከመም፤ እዚያ ላይ መንገድ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም አሉ። የሚያውቁት ሰዎች ሞተዋል። ሽማግሌ በተቀመጠ ቁጥር ይህንኑ ይላሉ፤ እኛም እንበተናለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእኔ እስኪነጋልኝ ጠጉሬ ነጣ።

በመጨረሻው ጊዜ የተሰበሰብነው በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ነው። የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን አውጥተው፣ እውነቱን ደብቀው እንዳይቀበሩ ገዘቷቸው። አያ ፈንቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«መንገድ ነበር። እኔ ነኝ ያረስሁት» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ አለቀ ብለው ሊነሡ ሲሉ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«ገመዱ መበጠሱንም አይቻለሁ። ሰውየው ቢዘል ኖሮ ይሄ ልጅ ወንዝ ይገባ ነበር፤ እሱንም አውቄያለሁ። እንግዶቹ ግን አላወቁም። በእንግዳ ፊት ተዋረድሁ አልሁ።»

ይቅር በል አሉኝ፣ ይቅር አልሁ። ከአፌ ነው የወጣው፤ ልቤን ገና እየጠየቅሁት ነው። ግን በዚያ ዕድሜ፣ ያልተጠየቁትን ጨምረው መናገራቸውን ሳልወድ አደነቅሁ። ጋሽ ሙላት ይህን ሳይሰማ መቅረቱ ነው የሚቆጨኝ። የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አሁን በዚያ መንገድ ብስክሌት የሚነዳው ብዙ ነው። የጎጡ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይበርራሉ፤ ከባሕር ዳርም ወጣቶች ማርሽ ባለው ብስክሌት መጥተው ወንዙን ፎቶ ያነሣሉ። ለሽማግሌ የሚወርድ የለም። እጃቸውን ብቻ ያወዛውዛሉ፣ ሽማግሌውም መልሶ ያወዛውዛል፤ ማንም አይቀየምም። ይሻላል መሰለኝ። እኔ ግን ሰው ሳገኝ እወርዳለሁ፤ ጉልበቴ እስከቻለ። ኑጉ ዛሬም ቢጫ ነው፣ ጉማራም እንደ ድሮው ይታጠፋል።

አጥሩ ተነሥቶ፣ በሁለቱም ዳር ድንጋይ ተተክሎ፣ መንገዱ ለጎጡ የተመለሰው አምና ጥር ሃያ ሁለት ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው።