የቆርቆሮዋ ቀዳዳ

ጌታሁን የበደለኝ በሃያ ዓመቴ፣ በጥቅምት ወር፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎንደር ቀበርነው። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «በወጣትነቱ ከቆርቆሮና ከውሃ ጠብታ ማጉያ መነጽር የፈለሰፈ» ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ቆምሁ እንጂ አላለቀስሁም።

ያኔ በንጉሡ ዘመን ጎንደር ውስጥ የጤና ሙያ እንማር ነበር፤ ሴቶቹ ነርስነት፣ ወንዶቹ ከእኛ ከፍ ያለውን። ማይክሮስኮፑ የእነሱ ነበር፤ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ በጌታሁን እጅ። አንድ ቀን ቀረብ ብዬ ልይ ብል፣ «አንቺ ፋሻሽን ጠቅልይ፤ ይኸ ዓይን ይፈልጋል» አለኝ። ወንዶቹ ሳቁ። ዓይን የሌለኝ ይመስል።

በጥቅምት አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ግርሻ ትኩሳት ገባና እሱን አለቃ አድርገው በመኪና ላኩን። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። በሽታውን የሚያዛምተው ቅማል ነውና ልብሳችሁን ቀቅሉ ብንል የሚሰማን ጠፋ። ሁለት ልጆች ታመው የተኙባቸው እመት ዝማም፣

«ምነው እናንተ ልጆች! ቅማልማ የጤና ነው። የታመመውን ጥሎት ይሄድ የለ?» አሉን።

ጌታሁን «መሃይም!» ብሎ ፊቱን አዞረ። ማይክሮስኮፑን አውጥተን እናሳያቸው ብዬ ለመንሁት፤ ሳጥኑን አልከፈተም።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬ ላይ የወደቀ ጤዛ አየሁ። ከጠብታው ሥር ያለው ክር ገመድ አክሏል። የሰርዲን ቆርቆሮ ቁራጭ በመርፌ በሳሁ፤ ቀዳዳው ላይ ውሃ ጠብ አደረግሁ፤ ከእመት ዝማም ልጅ ልብስ የለቀምሁትን ቅማል በመስታወት ይዤ፣ ወደ ፀሐይ ዞሬ ዓይኔን አስጠጋሁ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያ በአውራ ጣት ጥፍር የምንደፈጥጠው ነገር ስድስት እግር አለው፤ በየእግሩ ጫፍ ማጭድ የመሰለ ጥፍር። ሆዱ ውስጥ ደም ይናጣል። ብዙ ቅዳሴ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ ጸጥ ያልሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

እመት ዝማምን ጠራሁ። ረጅም ጊዜ አይተው አማተቡ።

«ይኸ ደም የማን ነው?»

«የልጅዎ።»

«ታዲያ ከልጄ ሸሽቶ...» የቀሚሳቸውን ስፌት ገልበጥ አድርገው አዩ። «ወደኔ ነዋ የሚመጣ!»

እኔ ያላልሁትን እሳቸው ደረሱበት። እስከ ቀትር የመንደሩ ሴቶች ተራ ይዘው አዩ፤ ከሰዓት በየደጁ ልብስ ይንተከተክ ነበር። የእመት ዝማም ልጆችም ዳኑ።

ጌታሁን «እስቲ ልያት» ብሎ ቆርቆሮዬን ወሰደ። ጎንደር ስንመለስ የራሱ ሥራ አድርጎ አሳየ፤ ተጨበጨበለት። እኔን ማን ይሰማል ብዬ አፌን ያዝሁ። በኋላ አስተማሪ ሆንሁ። ማይክሮስኮፑን ሁልጊዜ መጀመሪያ የማሳየው ከኋላ ለተቀመጡት ነበር።

ከቀብሩ መልስ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የልጅ ልጁ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማማ፣ አብራችሁ ተምራችኋል አሉኝ። አያቴ የሠራት መነጽር እንዴት ነበረች?»

ቆርቆሮና መርፌ አስመጣሁ። ሠርቼ አሳየኋት። የማን እንደነበረችም ነገርኋት።