በቡሬ የተከልኩት ሙቅ ገንዳ

ፍኖተ ሰላም ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ይርጋ ጅራቱቦ የሚባለውን ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ሰጡኝና የአንድ ሆቴል የውሃ መዝጊያ አስፈቱኝ። ዋናው መስመር መዘጋቱን አልጠየቅሁም። ውሃው ፊቴ ላይ ፈነዳ። የሆቴሉ ሰው ሁሉ ሲስቅ ጋሽ ይርጋ አልሳቁም። «ፊትሽን ጥረጊና ቀጥዪ» አሉኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። በከተማው ሴት ቧንቧ ሠራተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው በሬን አንኳኩቶ «ቧንቧ የሚሠራው ባልሽ አለ?» ይላል። «ባል የለኝም፤ ጅራቱቦ ግን አለኝ» እላለሁ።

ከሚሌኒየሙ በኋላ፣ ራሴን ችዬ ስሠራ፣ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የቡሬ እህል ነጋዴ ቤቴ ድረስ መጡ። ባለቤታቸውን እትዬ ዘሃራን ስትሮክ መትቷቸው ግራ እግራቸው ስሜት አጥቷል። ሐኪሙ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እንዲንቀሳቀሱ መክሯል። ሐጂ አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል የሸጠውን አሮጌ ሙቅ ገንዳ ገዝተዋል።

«ሴት ስለሆንሽ ነው የመጣሁ፤ ዘሃራ ወንድ ሠራተኛ ባለበት አትገባም» አሉኝ።

ገንዳው በአይሱዙ ላይ ተገልብጦ ቡሬ ገባ። የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በሰው ሞልቷል። አንድ አዛውንት ገበሬ በዱላቸው እያመለከቱ «ይቺ ጀልባ ማንን ልታሻግር ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሐጂ ከጋቢናው አንገታቸውን አውጥተው «ዘሃራን» አሉ።

ገንዳ ውሃ ሲሞላ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጓሮውን አስቆፍሬ ኮንክሪት አስሞላሁ፤ በውሃ ልክ እየለካሁ አስተካከልኩት። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ማሞቂያውን በእንጨት የሚሠራ አደረግሁት። በርሜል አስበይጄ ከገንዳው ዝቅ አድርጌ ተከልኩ። ሙቁ ውሃ በላይኛው ቧንቧ ወደ ገንዳው ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በታችኛው ወደ በርሜሉ ይመለሳል። በላይኛው ቧንቧ ላይ ሰዓት የመሰለ የሙቀት መለኪያ ገጠምኩ።

በየሐሙሱ በሚኒባስ ቡሬ እሄድ ነበር። ውሃውን አፈስሳለሁ፣ ገንዳውን በለስላሳ ጨርቅ አሻለሁ፣ ማጣሪያውን አጥባለሁ፣ እንደገና ሞልቼ ክሎሪን እጨምራለሁ። ከዚያ እሳት አነድዳለሁ።

ያ ጓሮ እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። እንፋሎቱ እየተነሣ በባሕር ዛፎቹ መሐል ሲጠፋ፣ የገበያው ጫጫታ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስለኛል። እትዬ ዘሃራ በረጅም ቀሚሳቸው ውሃው ውስጥ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«የሺ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «እዚህ ውስጥ ስሆን ሁለቱም እግሬ ቀላል ነው። የታመመው የትኛው እንደሆነ እረሳለሁ።»

አንድ ሐሙስ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነበር። መለኪያውን አየሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ይላል፤ ልኩ ነው። «ይግቡ» አልኳቸው። እትዬ ዘሃራ ትከሻዬን ይዘው ግራ እግራቸውን አስገቡ፤ ቆም ብለው ቀኙን ሲያስከትሉ ጮኹ። ጎትቼ አወጣኋቸው። ግራ እግራቸው እስከ ጉልበት ቀልቶ ነበር። መለኪያው ሠላሳ ስድስት ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

ማታ እግራቸው ውሃ ቋጠረ። ሐጂ ሐኪም ቤት አድርሰዋቸው ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኋቸው።

«መለኪያው ነው የተበላሸው?» አሉኝ።

አዎ ብል ይበቃ ነበር። «መለኪያውም ተበላሽቷል። ግን እኔም እጄን ውሃው ውስጥ አላስገባሁም» አልኳቸው።

«በይ ሂጂ» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ወር ገደማ ቡሬን ሳላይ ቆየሁ። ሐሙስ ሲመጣ እጄ የሚይዘውን ያጣል። ከዚያ እትዬ ዘሃራ «ትምጣልኝ» ብለው ላኩ። ስደርስ ቁስሉ ድኗል፤ ገንዳው ሸራ ለብሷል። መለኪያውን ለወጥኩ፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ሌላ መለኪያ ጨመርኩ። ሰው ከመግባቱ በፊት የሙቁ መስመር እንዲዘጋ መዝጊያ አስገባሁ። ከዚያ እጄን እስከ ክርኔ ነክሬ ብዙ ቆየሁ።

«አሁን ይግቡ እትዬ» አልኩ።

«አንቺ ቅደሚ» አሉኝ።

«እኔ?»

«አዎን፣ አንቺ። እኔ አይሻለሁ።»

ከነቀሚሴ ገባሁ። ስንት ሐሙስ ሳጥበው ኖሬ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ውሃው እስከ አንገቴ አቀፈኝ፤ የጀርባዬ ሕመም፣ የመንገዱ አቧራ፣ የሁለቱ ወር እፍረት ከላዬ የሚቀልጥ መሰለኝ። ሰማዩ ላይ ደመና በቀስታ ይሄዳል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ አለቀስኩ መሰለኝ። እትዬ ዘሃራ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ፊቴን ያያሉ።

«ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ይዤ አስገባኋቸው። ትከሻዬን ተደግፈው ውሃው ውስጥ ቆሙ። ከዚያ ለቀቁኝና ለብቻቸው ሦስት እርምጃ ሄዱ። ሐጂ ከቤት ውስጥ «ምን ሆናችሁ?» ብለው እስኪጣሩ ድረስ ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

የእግራቸው ስሜት አልተመለሰም። በከዘራ ግን ግቢያቸውን ይዞሩ ነበር፤ እኔም ገንዳውን ለብዙ ዓመት ጠበቅሁላቸው።

ሙቅ ውሃ ለምትሠሩ ሁሉ የምለው ይህን ነው። መለኪያ ይበላሻል። ሰው ከማስገባታችሁ በፊት እጃችሁን አስገቡ፤ ቸኩላችሁ ከሆነ ማንንም አታስገቡ።