ዝም ያሉት የፊት ጎማዎች

ወንድሜን ለመዳር መጀመሪያ ሽማግሌ ስንልክ የልጅቷ አባት በጨዋ ደንብ «እንመካከርበትና እንጠራችኋለን» ብለው ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ ሸኟቸው። ለጋብቻ ጥያቄ የሄደ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ስለዚህ «ተቀመጡ» መባል በራሱ መልስ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጠበቅን። ክረምቱ ከገባ በኋላ ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት ጎሮ እነ ልጅቷ ቤት ድረስ እንዲመጡ ተባለ። መልእክቱን የነገረችኝ ልጅቷ ራሷ ነበረች። «አባዬ እሑድ ካላለቀ ሌላ ቀጠሮ የለም ብሏል» አለችኝ በስልክ።

ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም፤ አባታችንም ከእሷ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሽማግሌ የሚሆን የቅርብ ዘመድ ስለሌለን የአባታችንን ወዳጆች ለምኜ ነው የላክሁት። አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሌላው ጉርድ ሾላ ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ። በዕድሜ የሚበልጡት ሦስተኛው የድሮ ጎረቤታችን ሲሆኑ ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቁ ናቸው። እኔ ሴት ስለሆንሁ ከሽማግሌ አልቆጠርም፤ ሹፌር ነበርሁ።

የምነዳው አባታችን ትቶልን የሄደውን አሮጌ ፎር ዊል ነው። ቦሌ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው አብዛኛው ጭቃ የሚያየው በመስኮት ነው፤ እኔም ከእነሱ አልሻልም። ለዚህ ቀን ብዬ ቅዳሜ ላቫጆ አስገብቼ ጎማው ድረስ አስወልውዬዋለሁ።

ጎሮ ስንደርስ አስፋልቱ አለቀ። ወደ ልጅቷ ቤት የሚወስደው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ እንደነገሩ ተደፍኗል፤ ሌሊቱን ደግሞ ዝናብ ሲወርድ አድሯል። መምህሩ «ልጄ፣ እዚህ ጋ አቁመሽ በእግራችን ብንሄድስ?» አሉ። «ጋሼ፣ ፎር ዊል እኮ ነው!» አልኳቸው። ንግግሬን ሳልጨርስ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ሰምጠው መኪናው ወደ ኋላ ቁጭ አለ።

ትንሿን ማርሽ ወደ ፎር ዊል አስገብቼ ነዳጅ ሰጠሁት። ባሰበት። ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወረዱ። ልብስ ሰፊው የጎማ ንፋስ ይቀነስ አሉ፤ ቀነስን፤ ምንም የለም። መምህሩ ድንጋይ ይደልደል አሉ፤ ደለደልን፤ ጭቃው ድንጋዩን ዋጠው። የመኪናውን ምንጣፍ አውጥቼ ከኋላ ጎማ ሥር አነጠፍሁ። ጎማው ምንጣፉን አሽቀንጥሮ ወደ ኋላ ወረወረው፤ የመምህሩ ጋቢ ከወገብ በታች ቡናማ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ እየቆመ ምክር ይለግሳል። ግራ ጠምዝዢ፣ ቀኝ ጠምዝዢ፣ ወደ ኋላ ሞክሪ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እኔም መሪውን በቡጢ እየደበደብሁ መኪናውን ስሰድበው፣ ስቆጣው፣ አባቴ ያወጣበትን ወጪ ሁሉ ስዘረዝርለት ቆየሁ። ቀጠሯችን አልፏል። ወንድሜ ቤት ሆኖ ስልኩን እያየ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ ፈራሁ።

ትልቁ ሽማግሌ እስካሁን ምንም አላሉም። ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«እስቲ ደግመሽ ርገጪው። እኔ ልየው።»

ረገጥሁት።

«የኋላዎቹ ይጮኻሉ» አሉ። «የፊቶቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። ጠብ ስናይም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጮኸውን ስንሰማ እንውላለን፤ ነገሩ ያለው ዝም ያለው ዘንድ ነው። የፊቶቹን ጠይቂያቸው።»

«አባባ፣ ይኼ እኮ ባልና ሚስት አይደለም» አልሁ በንዴት። ወርጄ ግን አየሁት። የፊት ጎማው መሃል ላይ በእጅ የምትዞር ክብ ነገር አለች። ያኔ ትዝ አለኝ። አባቴ ገጠር ሲወስደን አስፋልት ሲያልቅ ወርዶ ይህችን ያዞር ነበር፤ እኛም ሽንት ቤት የሄደ እየመሰለን እንስቅበት ነበር። ለካ ውስጥ ያለችው ማርሽ ብቻዋን አትበቃም፤ የፊት ጎማዎቹ ከውጭ ካልተያያዙ ጉልበት አይደርሳቸውም። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካት፤ ዝጋ ቀርታለች። በቀሚሴ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ በጎማ መፍቻ እየነካካሁ አዞርኋት፤ ከዚያ በወዲያኛው በኩል ያለችውን። አባቴ ናፈቀኝ። እንዲህ በድንገት ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

መኪናው ቀስ ብሎ፣ ሳይጮኽ ወጣ።

ቤቱ ስንደርስ አባትየው በር ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው አይፈታም። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ሁሉ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ሽማግሌዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መሃል ላይ ቆሙ። እኔ ደፉን አልተሻገርሁም። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው በማድ ቤቱ በር በኩል ቆመዋል።

መምህሩ የመጣንበትን ጉዳይ በወጉ ተናገሩ። አባትየው መለሱ፤ ረጅም መልስ ነበር። ልጁ ጨዋ መሆኑን ሰምተዋል፣ ሥራውንም አይንቁም፣ ነገር ግን ጊዜው ገና ነው፣ ልጅቷም ትምህርቷን ትቀጥል ይሆናል። ባለፈው ካሉት የተለየ ነገር አልነበረውም።

ትልቁ ሽማግሌ አባትየው ሲናገሩ ወደ እሳቸው አያዩም። ወዴት እንደሚያዩ ሳይ ምን ሊሉ እንደሆነ ገባኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ወደ ማድ ቤቱ በር ዞረው። «እመይቴ ባለፈውም ዛሬም ምንም አላሉም።»

እንዲህ አይጠየቅም፤ ሽማግሌ የሚያናግረው አባትን ነው። አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናትየው ግን ብዙ የጠበቁት ጥያቄ ይመስል ወዲያው መለሱ።

«ልጁን አልጠላሁትም። ግን እናት የለው፣ አባት የለው። ነገ ልጄን ቢያስከፋት ማን ዘንድ ትሂድልኝ? ማን ይቆጣላታል?»

እናትየው ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አዩ።

«ቅድም ጭቃ ውስጥ የተንበረከክሽው አንቺ ነሽ? ከበረንዳ አይቼሻለሁ።»

«አዎ፣ እማማ። እህቱ ነኝ።»

«ሲያጠፋ ትቆጪዋለሽ?»

«ከልጅነቱ ጀምሮ ስቆጣው ነው የኖርሁት» አልሁ። «ልጅዎን ቢያስከፋት መጀመሪያ የምትመጣው እኔ ዘንድ ነው። እሱን አልደግፍም።»

ልብስ ሰፊው «ምን ይጠይቋታል!» አሉ። «ዛሬ መኪናውን ስትቆጣው በሰሙ።»

እናትየው ሳቁ። ከዚያ «ግቢ እንግዲህ» አሉኝ።

«እማማ፣ እግሬ ጭቃ ነው።»

«የእነሱስ?» አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ተቀመጡ፣ አባቶቼ።»

አባትየው ሚስታቸውን ትንሽ አዩአቸውና ራሳቸው ቀድመው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹም ከነጭቃቸው ነጩ ዳንቴል ላይ ተቀመጡ።