ብቻዋን የምትሄደው መኪና

ጥሩአየሁ ብቸና ገበያ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት የባሏን የሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛ የወረሰች ሴት ነበረች። ባሏን ኃይለ ሚካኤልን በቀይ ሽብር ጊዜ ከዚያው ጠረጴዛ አስነሥተው ወሰዱት፤ ሬሳው አልተሰጣት፣ ተስካሩም አልወጣ። እሷ ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ የተዳረች ናት። የምታውቀው ሙያ ቢኖር እሱ ሲፈታና ሲገጥም አጠገቡ ቆማ ያየችው ነው። ሆድ ደግሞ ሐዘንተኛ ነኝ ቢሉት አይሰማምና፣ መፍቻውን አንሥታ ሥራውን ቀጠለች።

መጀመሪያ ሰዓት፣ ቀጥሎም ራዲዮና ቴፕ መጣላት። ሥራዋን ሰው ወደደው፤ እሷን ግን ፈራት። በዚያ አገር ብረት ነክቶ የሚያድር ሁሉ ቡዳ መባሉ አይቀርም፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ይብሳል። «የባሏን ነፍስ ከሰዓቶቹ ውስጥ አስገብታ ታስቆጥረዋለች» ይሉ ነበር። ትሰማለች፤ ዓይኗን ግን ከሥራዋ አታነሣም።

ወጣቱ ከየመንገዱ እየታፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና በሚጫንበት ዘመን፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ዘይዳ የምትባል የሞጣ ነጋዴ ጎረምሳ ልጇን አብዱልዋሂድን አስከትላ መጣች። በሻሽ የጠቀለለችውን ነገር ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ጭራዋ ላይ ቀጭን አንቴና የቆመባት ቀይ መጫወቻ መኪና ናት።

«ሰዓት ሠሪዋ አንቺ ነሽ አሉኝ፣ እህቴ።»

«ሌላም ብዙ ነገር ነኝ ይላሉ። ምን ሆነች?»

«ታጓራለች እንጂ አትሄድም።»

ጥሩአየሁ የመኪናዋን ሆድ ፈታችው። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ባለጥርስ መዘውር ደህና ናት፤ እሷ የምታዞረው ትልቁ ጥርስ ግን እንደ አሮጊት ድድ ተበልቶ አልቋል።

«የማን ናት?»

«የታላቁ ልጄ፣ የሙሐመድ። አጎቱ ከጅዳ ላከለት። በሩቅ ሆኖ በአየር ነው የሚያዛት። ለጦሩ ሲወስዱት ማዘዣውን ኪሱ ከተተና ‹እማ፣ አታጥፊያት፤ ስመለስ ከመስጊዱ ማዶ ሆኜ አስነሣታለሁ፣ መምጣቴን በዚያ እወቂ› አለኝ። አላጠፋኋትም። የባትሪ ድንጋይ ባለቀ ቁጥር እቀይርላታለሁ።»

«መልካም።»

«ምኑ መልካም ነው! አንድ ቀን ከአልጋ ሥር ተነሣች፣ ወላሂ ብቻዋን። ልጄ መጣ ብዬ እልል እያልሁ ወጣሁ። እልልታዬን የሰሙ ጎረቤቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ከደጃፌ ተሰበሰቡ።» ዘይዳ የልጇን ክንድ ያዘች። «የመጣው የወታደር መኪና ነበር። የሰው ልጆች ከደጃፌ ተለቀሙ። ይሄኛው የዚያን ቀን ደብረ ወርቅ ለንግድ ሄዶ ተረፈልኝ።»

ጥሩአየሁ እጇን ከመኪናዋ ላይ አነሣች።

«ከዚያም ወዲህ እሷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር እነሱ ይመጣሉ። በቀደም ግን ጥርሷ አልቆ ኖሮ ባለችበት ሆና አጓራች፤ እኔ ማድ ቤት ሆኜ አልሰማኋትም። እነሱ ከደጃፍ ሲደርሱ ይሄ በጓሮ ዘሎ ነው ያመለጠ። እሱን ከወሰዱብኝ ሌላ ልጅ የለኝም። እንድትሄድ አድርጊልኝ፤ ሄዳ ከቆርቆሮው ትጋጭና ልስማት።»

ጥሩአየሁ ከፈረሱ ቴፖችና ከልጆች መጫወቻ የለቀመቻቸውን ጥርሶች ከጣሳ ዘረገፈች። «ፈጣን ትሁን ወይስ ጉልበተኛ?»

«ምን ለየው?»

«ከሞተሩ ላይ ተለቅ ያለ ጥርስ ብገጥም ትበራለች። ግን ለመነሣት ይከብዳታል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ድንጋይ ትበላለች፤ የአየሩ ጥሪ ደከም ያለ እንደሆነ እያጓራች ትቀራለች። ትንሿን ትቼ የሚዞረውን ባተልቀው እንደ ጭነት አህያ ቀስ ትላለች፤ ግን በትንሽ ነገር ትነሣለች፣ እንቅፋትም አይመልሳት።»

«ፈጣኗ ትሻላለች፣ እማ፤ ከኔ ጋር ትሽቀዳደም» አለ አብዱልዋሂድ።

«አንተ ዝም በል! መሮጡን ላንተ ትተንልሃል። እንደ አህያዋ አድርጊልኝ፣ እህቴ።»

ጥሩአየሁ ከትንሿ ጥርስ ጋር የሚገጥም ትልቅ መዘውር እስክታገኝ ብዙ ሞከረች። ካገኘች በኋላ በሁለቱ ጥርሶች መካከል የሲጋራ ወረቀት አስገብታ ሞተሩን አጠበቀች፤ ከዚያ ወረቀቱን ሳበችው። የወረቀቱ ውፍረት ያህል ክፍተት ካልተረፈ ጥርሶቹ ይተናነቃሉ፤ ከበዛም ይበላላሉ። ግራሶ ነካ አድርጋ፣ ድንጋዮቹን ከትታ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

ማንም አልነካትም። መኪናዋ ተነሣች።

በጨለማ ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብላ ሄደች፤ ቆመች፤ ደግሞ ሄደች። የጥርሷ ድምፅ የተኛ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ ይመስላል። ከፊቷ የነበረውን መፍቻ ተንጠላጥላ ወጣችው፣ ወረደችው።

«መጡ» አለች ዘይዳ በሹክሹክታ።

ወዲያው የገበያው ጫጫታ ተቆረጠ። ቀጥሎ የሴቶች ጩኸት ተሰማ፦ «አፈሳ! አፈሳ!»

ጥሩአየሁ እስከ መሬት የወረደውን የጠረጴዛ ጨርቅ ገልጣ ልጁን በአንገቱ ይዛ ከሥር አስገባችው። ጨርቁን መልሳ፣ ቀሚሷን ዘርግታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

አንድ ወታደር ደጃፉ ላይ ቆመ። ጀርባው ላይ ትልቅ የመገናኛ ራዲዮ አዝሏል።

«ወንድ አለ እዚህ ቤት?»

«ወንዱን ከወሰዳችሁት ቆየ፣ ጌታዬ።»

ወታደሩ መነጋገሪያውን ወደ አፉ አስጠግቶ ለአለቃው ማውራት ጀመረ። ይኼኔ መኪናዋ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ሄደች። ንግግሩን አቆመ፤ ቆመች። እንደገና ተናገረ፤ እንደገና ሄደች። ጥሩአየሁ ራዲዮ ፈትታ የገጠመች ናትና ነገሩ ገባት። ወታደሩ ግን አልገባውም። የሴቶቹን ባዶ እጅ አየ። የጥሩአየሁን በብረት የጠቆሩ ጣቶች አየ። እጁ ከሸሚዙ ሥር ካለው ክታብ ላይ አረፈ።

«ማን ነው የሚነዳት?»

ጨርቁ ከጉልበቷ ኋላ ይንቀጠቀጣል። ራዲዮህ ነው ብትለው ይስቃል፤ ከሳቀ ይገባል፤ ከገባ ይፈትሻል። ጥሩአየሁ ቡዳ ከተባለች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ዓይን ውስጥ ትክ ብላ አየች።

«ባሌ ነው» አለችው። «እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ይቀበላል። ስምህን ማን ልበለው?»

ወታደሩ ስሙን አልተናገረም። ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላው እየረገጠ ከደጃፉ ወጣ። «እዚህ ማንም የለም!» ሲል ውጪ ላሉት ጮኸ።

ገበያው እስኪበተን ልጁን አላስወጡትም። መኪናዋ ወታደሩ ከሄደ ወዲህ አልተንቀሳቀሰችም። ጥሩአየሁ እውነቱን መደበቅ አልሆነላትም።

«ዘይዳ፣ የሚያስነሣት የነሱ ራዲዮ ነው። ሙሐመድ አይደለም።»

ዘይዳ መኪናዋን በሻሹ መጠቅለሏን ቀጠለች። «እኔ ምን ቸገረኝ? ይሄን ልጅ ታስጥልልኝ» አለች፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ማጥፋቱን ግን አላጠፋትም።»

እናትና ልጅ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅለው በውስጥ መንገድ ወደ ሞጣ ተመለሱ። አብዱልዋሂድ ያን ዓመት አልተወሰደም።

ጥሩአየሁ ለወታደሩ ያለችውን ግን ጎረቤት ሰምቶ ኖሮ አገር አዳረሰው። ሰዓት የሚሰጣት ጠፋ። ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑባታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንስራዋን ተሸክማ እየሄደች፣ «ሐሰት ነበር» ልትላቸው ቆማ አሰበችና ተወችው። ሐሰት ነው ካለች ወታደሮቹም ይሰማሉ።

በሚቀጥለው አፈሳ አንዲት የምታማት ጎረቤቷ በጓሮ በኩል ልጇን እየገፋች መጣች። ዓይኗን አላየቻትም። ልጁን ከጠረጴዛው ሥር ከታ፣ ቱፍ ቱፍ ብላበት፣ እየሮጠች ሄደች። ጥሩአየሁ ቀሚሷን ዘረጋች። ወታደሮቹ በደጃፏ ሲደርሱ መንገዱን ተሻግረው በማዶ አለፉ።