የእኔ ሰገራ በወንድሜ ስም

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። እስከ ዛሬ ክዳን ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ባየሁ ቁጥር ምራቄ ይመረኛል። ልጄ የቅመም ዕቃ ገዝታ ብትመጣ እንኳ ከፊቴ አንሺው እላታለሁ።

ቤቴ ዳባት ነው፤ በደባርቅና በጎንደር መካከል ሚኒባስ እነዳለሁ። ታላቅ ወንድሜ ደባርቅ አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ያኔ ያገለግሉ የነበሩ ቄስ ናቸው። ስልሳ ዓመት ሆኗቸዋል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ ጋሼ ነው የምላቸው፤ አንተ ብያቸው አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ሐኪሞች ዳባት ጤና ጣቢያ መጥተው ወንዶችን ስለ ካንሰር ይመረምሩ ነበር። ጋሼንም እኔው ጎትጉቼ አመጣኋቸው። አንዲት ነርስ በየዕድሜያችን ለይታ አስረዳችን። ጎረምሶቹን የዘር ፍሬያቸውን እየዳሰሱ እብጠት ካገኙ ቶሎ እንዲመጡ ነገረቻቸው፤ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሽማግሌዎቹን ስለ ሽንታቸው ጠየቀቻቸው። ከአርባ አምስት በላይ ለሆንነው ሁሉ ደግሞ ስማችን የተጻፈባት ዕቃ ሰጠችንና በማግስቱ ሰገራ ይዘን እንድንመለስ አዘዘችን። ዓይን የማያየውን ደም ምርመራው ያገኘዋል፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለች።

ጋሼ ዕቃቸውን ጋቢያቸው ሥር ሸጎጡ። እኔ ቤት አደሩ። ጠዋት ሽንት ቤት ልገባ ስል ተከትለውኝ መጡና ባዶ ዕቃቸውን ዘረጉልኝ።

“ካንተው አካፍልልኝ” አሉኝ።

ቀልድ መሰለኝ። ከጥምቀት ጀምሮ ደም እንደሚያዩ የነገሩኝ ያኔ ነው። ኪንታሮት ነው ብለው ቅጠል ይቀቡበታል። ደም የሚፈሰው ቄስ መቅደስ አይገባም፤ እሳቸው ግን ደሙ ያልታየ ቀን እየመረጡ ይቀድሱ ነበር።

“ደም አለበት ተብሎ ከተጻፈ አገሩ ሁሉ ይሰማዋል። ትንሣኤን ማን ሊቀድስ ነው?” አሉኝ።

እንቢ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከአጥሩ እንጨት ሰብሬ ገባሁና ለሁለት አካፈልኩት። ገና ትኩስ ነበር። ጥቂት እጄን ነካኝ። እየሳቅኩ ነበር የማካፍለው።

ጤና ጣቢያው እስኪከፈት አንድ ዙር ልሥራ ብዬ ሁለቱን ዕቃ በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ ከወንበሬ ሥር ከተትኩ። መንገድ ላይ አንዲት እናት እዚህ መኪና ውስጥ አይጥ ሞቷል እያሉ መስኮቱን ከፈቱ። እኔም አዎ ሳይሞት አልቀረም አልኳቸው።

በሳምንቱ ሁለታችንም ነፃ ተባልን።

ይበልጥ የሚዘገንነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጋሼ ውጤቱን አመኑት። ወረቀቱን ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጡት። ባለቤታቸው ከስተዋል ብለው ሲጨነቁ በሐኪም የተረጋገጠ ጤና ነው ይሏቸው ነበር። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰምቼ ዝም እላለሁ።

በፍልሰታ ቅዳሴ ላይ ወደቁ። ጎንደር ወሰድኳቸው። እዚያ ያገኘነው ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አይቶ፣ በቅርቡ ነፃ ስለተባሉ ኪንታሮት ይሆናል አለና መድኃኒት ሊጽፍላቸው ብዕሩን አነሳ። ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

“የእኔ ነው” አልኩ።

“ምኑ?” አለኝ ሐኪሙ።

“ያ የተመረመረው ሰገራ። የእሳቸውን ማንም አላየውም።”

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ጫማው ሥር የተጣበቀ ነገር የሚያይ ይመስል አየኝ። ጋሼ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ሰገራቸው ግን ሆዳቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው የሚወጣው። ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ይህ ላያስፈልግ ይችል እንደነበር ሐኪሙ ነግሮናል። መቅደስ መግባት ቀረ። ቅጥሩ ጥግ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት። አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለክትትል ሲመጡ ከረጢቱን የማጥብላቸው እኔ ነኝ። አንድም ቀን አፍንጫዬን ይዤ አላውቅም። ያን ጠዋት ሽንት ቤት ውስጥ ሲስቅ የነበረውን ሰውዬ ባስታወስኩ ቁጥር ግን ያቅለሸልሸኛል።

ዘንድሮ የእኔ ምርመራ ደረሰ። ዕቃዋን ይዤ ስወጣ ጋሼ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እጄን አዩ።

“የራስህ ነው?” አሉኝ።

“የራሴ ነው ጋሼ።”

ሁለታችንም አልሳቅንም። እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጠብኩ። የዚያን ቀን ጠዋቱ ግን እስከ ዛሬ ከእጄ አልለቀቀም።