ሦስት ነበሩ፣ አራት ሆኑ

አሁን ወረታ ውስጥ ሰርግ እቀርጻለሁ። ከጥር እስከ ግንቦት፣ በዐቢይ ጾም ብቻ እያረፍኩ፣ ሙሽራ ከመኪና ሲወርድ፣ ሙሽራ ኬክ ሲቆርስ፣ ሙሽራ የእናቱን ጉልበት ሲስም እቀርጻለሁ። የቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ብሏል። ሥራው አያልቅም፣ ሰውም አይጠግብም፤ ሁሉም "አሳምረህ" ይላል። አንዳንዴ ታዲያ የሙሽራው ሚዜ ጠጋ ብሎ "አንተ እኮ ፊልም ተምረሃል አሉ፤ ምን ሠራህ?" ይለኛል። ሁለት ደቂቃ ሠርቻለሁ እለዋለሁ። ቀልድ ይመስለዋል።

ቀልድ አይደለም። ባሕር ዳር ስማር በመጨረሻው ዓመት የተሰጠን ሥራ የአስፈሪ ፊልም መክፈቻ መሥራት ነበር፤ ፊልሙ ራሱ የለም፣ መግቢያው ብቻ። ከዚያ ደግሞ ስለ ሥራችን ሦስት ገጽ እንድንጽፍ ታዘዝን፤ ምን ሠመረ፣ ምን ጎደለ፣ እንደገና ቢሆን ምን ትለውጣላችሁ የሚል ነው። እኔ ስለ ጉሙ፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ማይኩ ጻፍኩ። ጥሩ ነው ተባልኩ። ያን ጊዜ ያልጻፍኩትን ነው ዛሬ የምጽፈው፤ መቼም አሁን ማርክ የሚሰጠኝ የለም።

የክፍል ጓደኞቼ ባዶ ቤት ፈልገው፣ አሻንጉሊት ሰቅለው፣ ቀይ ቀለም ረጭተው ሠሩ። የእኔም የመጀመሪያ ሐሳብ ከዚያ የተሻለ አልነበረም፤ ነጭ የለበሰች፣ ፀጉሯ ፊቷን የሸፈነ ሴት ነበረችበት። አስተማሪያችን ወረቀቱን መለሰልኝና ይህችን ሴት የት ነው የምታውቃት አለኝ። አላውቃትም ነበር። እንደ እኔ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ቁሐር ሚካኤል ተወልዶ ያደገ ሰው ፀጉሯ የተንጨባረረ ሴት ቢያይ "ምን ሆና ይሆን?" ብሎ ያዝናል እንጅ አይፈራም።

እኛ የምንፈራው ሌላ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ሽማግሌዎች ተከታትለው ወደ አንድ ቤት ሲሄዱ ነው የምንፈራው። መርዶ የሚነገረው እንደዚያ ነው። ሽማግሌ በቀትር ከመጣ ለዕርቅ ነው፣ አለዚያም ልጅ ሊጠይቅ ነው፤ በማለዳ ከመጣ ግን ሰው ሞቷል፣ የቀረው የማን ቤት እንደሚገቡ ማየት ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ አይቻቸዋለሁ። አልፈውን ሲሄዱ እናቴ ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ስትለቀው ሰምቻለሁ። ሩቅ አገር ላለ ሰው ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ "እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ደርሰህ ተመለስ" ይባላል። ያችን "ትንሽ" የሰማ ሰው ነገሩ ገብቶት እያለቀሰ ነው የሚሳፈረው።

ይህንን ጻፍኩ፤ አስተማሪው ወደደው። ልብ ያለው ሰው ቢሆን የትም ሄዶ ይቀርጸዋል እንጅ እናቴ ደጃፍ ላይ አይቀርጸውም። ታላቅ ወንድሜ ለሰሊጥ እርሻ ሥራ ወደ ቆላ ከወረደ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር፤ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። አብረውት የወረዱት ተመለሱ፤ ወደ ሌላ እርሻ ተሻግሯል ከማለት በቀር የሚያውቁት አልነበራቸውም። እናቴ ማለዳ በሩን ከፍታ፣ ውሃ ለመያዝ ከፍ ተደርጎ የተሠራውን የሩዝ ማሳ ድንበር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታይ እሳት አታያይዝም ነበር። ድንበሩ ወደ ቤታችን የሚያመጣ ብቸኛ መንገድ ነው። ልጇን ትጠብቃለች፤ ሽማግሌዎቹንም ትፈራለች። የፊልሙን ሐሳብ ያገኘሁት ከዚያ ነው፤ ዛሬ መዋሸት አልፈልግም።

ስነግራት አልተቆጣችም። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አስረዳኋት፤ ሦስት ሽማግሌዎች በድንበሩ ይመጣሉ፣ አንቺ በሩን ከፍተሽ ታያቸዋለሽ፣ በቃ አልኳት። ትምህርትህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትምህርቴ ነው አልኳት። ለትምህርት ከሆነ እሽ አለች። ለእኔ ትምህርት በዚያ ቤት ያልተደረገ ነገር የለም፤ ወንድሜ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቶ በሬ የጠመደው እኔ እንድማር ነው።

አጎቴና ሁለት የጎረቤት አዛውንቶች እሽ አሉኝ። የንስሐ አባታችን ግን እምቢ አሉ። የጠየቅኳቸው እናቴ ባለችበት ነበር።

"ልጄ፣ በመርዶ አይቀለድም" አሉኝ። "እኔ በእናትህ ደጅ በማለዳ የምመጣው እግዜር ሲያዝ ነው። ለፊልም አልመጣም።"

ልክ ናቸው፤ ያኔም ልክ እንደሆኑ ሳይገባኝ አልቀረም። ግን ፊልም ተማሪ ስትሆን አገር ሁሉ ጥበብ ያልገባው ይመስልሃል። አኩርፌ፣ እንግዲያው ቅዳሜ ስለምንቀርጽ በዚያ በኩል እንዳያልፉብን ብዬ ተሰናበትኳቸው።

ቅዳሜ ጉም አልነበረም። ፎገራ ላይ ጉም ሳትፈልገው መንገድ ያሳጣሃል፣ የፈለግኸው ቀን ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። ቀረጻውን ወደ ሰኞ አዛወርኩት። ለሽማግሌዎቹ ነገርኩ፣ ለእናቴ ነገርኩ፣ ጎረቤት ባልሆነ ነገር እንዳይደነግጥ ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኩ። ለቄሱ አልነገርኩም። ረስቼው ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እምቢ ያለ ሰው ምን አገባው ብዬ ይመስለኛል።

ሰኞ የጥቅምት ጉም ሩዙን እስከ ራሱ አልብሶት አደረ። ጉም መዝገን ሲባል ከንቱ ድካም ማለት ነው፤ እኔ ግን ጉም ልዘግን ነበር ከባሕር ዳር ድረስ ዕቃ ተሸክሜ የመጣሁት። ድምፅ የምትይዝልኝ የክፍል ጓደኛዬ የከተማ ልጅ ናት። ከማሳው ውሃ ውስጥ ቆማ አልቅት እግሯ ላይ ተጣብቆ ደሟን ሲመጥ፣ ማይኩ ክፍት ነበርና ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው። ከሁላችንም ለሥራው የታመነችው እሷ ነበረች።

በመጀመሪያው ቀረጻ አጎቴ ካሜራውን አይተው ፈገግ አሉ። በሁለተኛው አንደኛው አዛውንት መሀል ድንበሩ ላይ ጎንበስ ብለው አረም ነቀሉ። ምነው አባቴ ብላቸው፣ አረም አይቶ የሚያልፍ ሰው አለ እንዴ ብለው መልሰው እኔኑ ገሠጹኝ። በሦስተኛው እናቴ በሩን ቀድማ ከፈተችው። ሁሉም ደክሟቸው ነበር፤ እኔም እጄ በብርድ ደንዝዞ ነበር። እናቴ በሩን ስንት ጊዜ ነው የምከፍተው አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አልኳት፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ዓይነት ነገር ነበር።

ለአራተኛው የካሜራውን ቦታ ቀየርኩ። የሽማግሌዎቹን አመጣጥ ስለያዝኩት አሁን የፈለግሁት የእሷን ፊት ነበር። ጀርባዬን ለድንበሩ ሰጥቼ፣ ከበሩ በስተቀኝ ቆሜ፣ ጀምሩ አልኩ። የእግራቸው ድምፅ በጭቃው ላይ እየቀረበ ሲመጣ እሰማለሁ። በሩ ተከፈተ። እናቴ አየች። ከንፈሯ በትንሹ ሲንቀሳቀስ አየሁና ጸሎት የጨመረች መስሎኝ በልቤ አደነቅኳት። እየቆጠረች ነበር። ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ፤ እኔ ያላዘዝኳትን ተናገረች።

"የት ተቀበረ?"

መቃኑን ይዛ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ካት አላልኩም። ስንት ሰከንድ እንደቆየሁ አውቃለሁ፣ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁና፤ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዞር ያልኩት። ድንበሩ ላይ አራት ሰዎች ቆመዋል። አራተኛው የንስሐ አባታችን ናቸው። ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ሽማግሌዎቹን ከጉሙ ውስጥ አይተዋቸው፤ ቅዳሜ አልፏል፣ ፊልሙም አብሮ አልፏል ብለው አምነዋል። የንስሐ ልጃቸው ቤት መርዶ ሲገባ እያዩ ዝም ብለው የሚያልፉ ካህን አይደሉምና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ተከተሉ። የፊተኞቹ መከተላቸውን አላወቁም።

ያልማለ ሰው አልነበረም። አጎቴ ማሉ፣ እኔ ማልኩ፤ ጓደኛዬ እንኳ አገሩን ሳታውቀው እያለቀሰች ማለች። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው፣ የሰማሁት ነገር የለም፣ ስሕተቱ የእኔ ነው እያሉ ለመኗት። እናቴ ሁላችንንም አዳመጠችና፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ እንዲህ አለች፦

"ሦስት ነው ያላችሁኝ። እሳቸው ደግሞ ለፊልም አልመጣም ብለዋል።"

በእኛ አገር መርዶ ይለሳለሳል፤ ይሸፈናል፣ ይጠቀለላል፣ ሰው እንዳይሰበር ዙሪያውን ይዞራል። ልጄ ከተማ ተምሮ አዲስ ማለሳለሻ አመጣ፣ ሦስት ጊዜ በቀልድ በር አስከፍቶ ያለማመደኝ በአራተኛው እውነቱን ሊያስገባ ነው ብላ አመነች። እናቴን ሞኝ የሚል ካለ እሱ እኛን አያውቀንም። አላለቀሰችም፤ ለቅሶም አልተቀመጠችም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ በሩን ስትከፍት ድንበሩን ማየት ተወች። ከፍታው ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች።

ያንን ቀረጻ ተጠቀምኩበት። መጣል እችል ነበር፤ አልጣልኩም። "የት ተቀበረ?" ስትል ምስሉን አጨለምኩትና ከጨለማው በኋላ የጉሙን ድምፅ ብቻ ተውኩ፤ ጉም ድምፅ ካለው። በክፍል ውስጥ ሲታይ፣ ይህችን ተዋናይ ከየት አመጣሃት አሉኝ፤ የአገሬ ሰው ናት አልኩ። ከሁሉም የበለጠውን ማርክ እኔ አገኘሁ። እንደገና ቢሆን ምን ትለውጣለህ ለሚለው፣ ማይኩን ወደ በሩ አቀርበው ነበር ብዬ ጻፍኩ። አፈርኩ ማለት አይበቃም፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝም ነበር፣ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በሚያዝያ፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ወንድሜ ነበር። ታሞ ቆይቷል፣ ስልኩ ጠፍቷል፣ ከዚያም ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል እያለ ቀን በቀን ላይ ጨምሯል። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። እሱ እማዬ፣ እማዬ ሲል ለእኔም ይሰማኛል። አንድ ቃል ሳትመልስለት ስልኩን አወረደችና ሰጠችኝ።

"ይሄንንም አንተ ነህ የሠራኸው?" አለችኝ።

ወንድሜ በስልኩ ውስጥ ይጮኻል፤ እማዬ ምን ሆነች፣ ለምን አታናግረኝም ይላል። ምን ልበለው? በመርዶ ፊልም ሠርቼባት ነው ልበለው? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"ምንም አይደል" አልኩት። "ትንሽ አሟታል።"

"ትንሽ?" አለኝ። ያችን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ ነው ያልኩት ነገር የገባኝ። ልመልሰው ስል መስመሩ ተቋረጠ፤ ስልኩ የሰው ነበርና መልሼ ብደውል ባለቤቱ ስልኬን የተዋሰኝ ሰው ተነሥቶ ሄዷል አለኝ።

በአራተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከድንበሩ ጫፍ ለቅሶ ተሰማ። ሩዙ ታጭዷል፣ ማሳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከሩቅ ሁሉም ነገር ይታያል። ወንድሜ ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ ከስቶ፣ "እናቴን፣ እናቴን" እያለ ይመጣል። እኔ በረት አጠገብ ነበርኩ፤ ሮጬ ልቀድመው ተነሣሁ፤ አልደረስኩም። እናቴ የሰው ለቅሶ ሰምታ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሲያያት ባለበት ቆመ። እሷ ግን ፊቱን አይደለም ያየችው። አሻግራ ከኋላው ያለውን ድንበር እስከ ጫፉ አየች። ከንፈሯ እንደዚያን ቀን ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ስንት ሁናችሁ መጣችሁ?" አለችው።

"ብቻዬን ነኝ፣ እማዬ።"

ድንበሩን አንድ ጊዜ ደግማ አየች። ከዚያ ቀርባ ጋቢውን ከትከሻው አወረደችና አቅንታ መልሳ አለበሰችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ የሁለቱን ዓመት በሙሉ በአንድ ቀትር አለቀሰችው።

እሱ አሁን እዚያው ነው፣ ሩዝ ያርሳል፣ እየጠራት በፈለገው ሰዓት ይገባል። እኔም ከሰርግ የተረፈኝን ቀን ይዤ ከወረታ በማለዳ እሄዳለሁ። በሩን ትከፍትልኛለች፤ ከኋላዬ ማን እንዳለ ሳታይ ግን ግባ አትለኝም።